የጋሽ ነስሩ ዓረብኛ

«ጋሽ ነስሩ ሞተች» አለችኝ ኢኽላስ በስልክ።

ሸማ ተራ ሱቄ ውስጥ ነበርኩ። አንዲት ደንበኛ ለልጇ ሰርግ ነጠላ እየመረጠች፣ የዘረጋሁላትን ሁሉ ጥለቱ ሰፋ፣ ጥለቱ ጠበበ እያለች ታስከፍተኛለች። ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሃል ይዤው ስለነበር በደንብ አልሰማሁም። «ማን ሞተች?» ብዬ ጠየቅኳት። «ጋሽ ነስሩ» አለችኝ እንደገና፤ «ዛሬ ጧት፣ አገሯ። ልጇ ነጂያ ደወለችልኝ።» ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። እኔም ነጠላውን እንደያዝኩ ዱካዬ ላይ ተቀመጥኩ። ደንበኛዬ ፊቴን አይታ «እህትሽ ናት?» አለችኝ። «አይ፣ ሽማግሌ ናቸው» አልኳት። ግራ ተጋባች፤ ነጠላውን ቀስ ብላ አስቀምጣ ወጣች።

ኢኽላስ አሁን አማርኛ እንደ ማናችንም ትናገራለች። ወንዱን ወንድ፣ ሴቱን ሴት ትላለች። ጋሽ ነስሩን ብቻ እስከ መጨረሻው «አንቺ» እንዳለቻቸው ቀረች። ይህ እንዴት እንደሆነ ለመናገር እሷና ቤተሰቧ ግቢያችን ወደመጡበት ቀን መመለስ አለብኝ።

ግቢያችን ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ነው። ስድስት ክፍል፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ አከራይ። አከራያችን እትዬ ብዙነሽ ይባላሉ። ጋሽ ነስሩ በሩ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጃቸው ነጂያ ወራቤ አግብታለች። ሥራቸው ጃንጥላ መጠገን ነው። ወደ ጎጃም በረንዳ በሚወስደው መንገድ፣ አንድ የቆርቆሮ ሱቅ በር ላይ፣ የተሰበሩ ሽቦዎችና እጀታዎች ከበዋቸው ይቀመጣሉ። ክረምት ሲሆን ቀና ብለው ሰላም ለማለት እንኳ ጊዜ የላቸውም። ከመስከረም በኋላ ግን እጃቸው ሥራ ይፈታና ሥራው ሁሉ ወደ ምላሳቸው ይዛወራል።

ስሜ ፀሐይ ነው። «አንቺና እኔ አንስማማም» ይሉኝ ነበር፤ «እኔን የሚያበላኝ ዝናብ ነው።» ይህንን በየሳምንቱ ይሉኛል፤ በየሳምንቱም ገና አሁን እንደመጣላቸው ይስቃሉ።

ሌላው የሚወዱት ወሬ ጅዳ ነው። ወጣት ሳሉ ጅዳ ሄደው አንድ ሀብታም ግቢ ውስጥ አሥራ አንድ ወር አትክልተኛ ሆነው ሠርተዋል። «ጅዳ ሳለሁ» ብለው ካልጀመሩ ወሬው አይጥማቸውም። ስለዚህ ዓረብኛ አሳምረው እንደሚያውቁ ግቢው በሙሉ ያምን ነበር። በሰፈራችን ዓረብኛ የሚችል ሰው ሞልቷል። ሪያድ ዘጠኝ ዓመት ሠርታ የተመለሰችው ሰሚራ እንኳ ከኔ ሱቅ ሁለት ሱቅ አልፎ ጨርቅ ትሸጣለች። ግን ነጭ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌን «እስቲ ተናገሩና እንስማ» ብሎ የሚፈትን ማን ነው?

ኢኽላስና ባሏ ኢድሪስ የመጡት ካርቱም ጦርነት ገብቶ ሰው በየአቅጣጫው በሚሸሽበት ጊዜ ነው። ግንቦት መጨረሻ ነበር፤ ዝናቡ ቀደም ብሎ ገብቷል። አንድ ከሰዓት በኋላ ሚኒባስ በራችን ላይ ቆመና ባልና ሚስት፣ ሦስት ልጆች፣ አራት ሻንጣና አንድ የቁም ቬንቲሌተር አወረደ። ያንን ቬንቲሌተር መቼም አልረሳውም። እኛ ሹራብ ደርበን እንንቀጠቀጣለን፤ ኢድሪስ ግን ከካርቱም መተማ፣ ከመተማ ጎንደር፣ ከጎንደር አዲስ አበባ እንደ ልጅ አቅፎት የመጣውን ቬንቲሌተር አሁንም አልለቀቀውም። ትንሿ ልጃቸው ሪም ያለሱ ድምፅ እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር አሉ። ያመጣቸው ደላላ ከእትዬ ብዙነሽ ጋር አስቀድሞ ተነጋግሮ ኖሮ፣ በጣቱ በሩን አሳያቸውና በዚያው ሚኒባስ ተመለሰ።

እትዬ ብዙነሽ ወገባቸውን ይዘው በር ላይ ቆሙ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ የማያውቁት ሰው ሲገባ ግን መመርመር ይወዳሉ። ኢኽላስ በዓረብኛ ብዙ ተናገረች። እትዬ ብዙነሽ ወደኔ ዞሩ። እኔ ወደ ሰማይ አየሁ። በዚህ መሃል ጋሽ ነስሩ ኮታቸውን እየቆለፉ ከክፍላቸው ወጡ።

«ለኔ ተዉት» አሉ።

«ወረቀት እንዳላቸው ጠይቅልኝ» አሉ እትዬ ብዙነሽ። «ያለ ወረቀት ባስገባ ወረዳው እኔን ነው የሚጠይቀኝ።»

ጋሽ ነስሩ ወረቀት በዓረብኛ ምን እንደሚባል አያውቁም ነበር። ጅዳ የተማሩት ዓረብኛ የአትክልት ቦታ ዓረብኛ ነው፤ ቆፍር፣ አጠጣ፣ ቁረጥ፣ ሥር፣ ቅጠል፣ ጥላ፣ ነገ። ያን ቀን ይህንን ማንኛችንም አናውቅም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ አመልካች ጣታቸውን አነሱ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። ወረቀት ያው ከቅጠል ብዙ አይርቅም ብለው ይመስለኛል፣ ቅጠልን በዓረብኛ ጠሩት። «ወረቅ?» አሉ።

እትዬ ብዙነሽ ደነገጡ። «አንተ ነስሩ፣ ምን ነካህ? ገና በሩን ሳይገቡ ወርቅ ትጠይቃቸዋለህ?»

«ወርቅ አይደለም፣ ወረቅ ነው። አታቋርጪኝ።»

ኢኽላስ ግን ቦርሳዋን ከፍታ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጣች። ለካ በዓረብኛ ቅጠሉም ወረቀቱም በአንድ ስም ነው የሚጠራው። በዚያች ደቂቃ ከሁላችንም በላይ የተገረሙት ጋሽ ነስሩ መሆን አለባቸው፤ ፊታቸው ላይ ግን ምንም አልታየም። ፌስታሉን ለእትዬ ብዙነሽ እያቀበሉ «ይኸው» አሉ።

«እዚህ አገር ሰው አላቸው ወይ? ዘመድ፣ ዋስ የሚሆን?»

ጋሽ ነስሩ አሰቡ። ዘመድ የሚለውን አላገኙትም። መሬቱን በጣታቸው እያሳዩ «ሥር፣ እዚህ፣ የለም?» አሏቸው በዓረብኛ።

ኢድሪስ ያሳዩትን መሬት ረጅም ጊዜ አየ። ኢኽላስ ፊቷን በልብሷ ጫፍ ሸፈነች። አንድ ነገር ተናገረች፤ ድምፅዋ መሃል ላይ ተቆረጠ። ጋሽ ነስሩ ወደ እትዬ ብዙነሽ ዞረው «ማንም የለንም፣ ግን አንቺን ስናይ እናታችንን ያገኘን መሰለን ይላሉ» አሉ።

«እንዲህ አሉ?» እትዬ ብዙነሽ እጃቸውን ከወገባቸው አወረዱ።

«ከዚህም በላይ ብለዋል። እኔ አሳጥሬው ነው።»

ሻንጣዎቹ ወዲያው ገቡ። እትዬ ብዙነሽ ራሳቸው አንዱን አነሱ።

ኢኽላስ ከዓመት በኋላ አማርኛ ስትችል፣ ቁጭ ብለን የሷን ወገንና የኔን ወገን ስናገጣጥም ነው ነገሩ የገባኝ። እሷ በዚያ ቀን የተናገረችው ስለ እናት አልነበረም፤ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ነበር የጠየቀችው፤ ልጆቹ ከጧት ጀምሮ ይዘውት ነበር። ኢድሪስ ደግሞ ካርቱም የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ያን ዕለት ለሚስቱ «ይህ ሽማግሌ ገጣሚ ነው» አላት። አገራቸውን ጥለው ከወጡ ወዲህ ወረቀትና ገንዘብ የጠየቃቸው ብዙ ነው፤ ሥር መሠረታችሁ የት ነው ብሎ የጠየቃቸው ግን የለም።

ከዚያ ቀን በኋላ ጋሽ ነስሩ ሥራ ገቡ ለማለት ይከብዳል። ዝናቡ እየጀመረ፣ ዋናው ገበያቸው በደረሰበት ሰዓት፣ ጧት ጧት ቆባቸውን አስተካክለው የኢኽላስ በር ላይ ይቆማሉ። ደንበኞቻቸው የተሰበረ ጃንጥላቸውን ይዘው፣ ራሳቸው እየራሱ ግቢ ድረስ ይመጣሉ። «ሥራ ላይ ነኝ» ይሏቸዋል ጋሽ ነስሩ፤ «ቤተሰብ እያስተረጎምኩ ነው።»

የራሳቸው ደንብ ነበራቸው። «አስተርጓሚ ፖስተኛ አይደለም» ይሉ ነበር። «ፖስተኛ የሰጡትን ያደርሳል። አስተርጓሚ የሚቀበለውን ሰው ፊት አይቶ ነው የሚያደርሰው።» በዚህ ደንብ ሃያውን ቃል ሁለት፣ ሁለቱን ቃል ሃያ ያደርጉታል። ዳቦ ሻጩ «ትናንት የነገርኳቸው ዛሬ አይሠራም፣ ዋጋ ጨምሯል» ሲል፣ በጋሽ ነስሩ ዓረብኛ «ነገ፣ ቅጠል፣ ብዙ» ሆኖ ይደርሳል። ኢኽላስም በማግስቱ ጎመን ይዛ ትሄዳለች።

ስደተኞች የሚመዘገቡበት ቢሮ ቀጠሮ የሰጣቸው ለሁለት ሰዓት ነበር። ጋሽ ነስሩ ሁለት ጣታቸውን አነሱ፣ ኢድሪስ ገባው። የሱዳን ሁለት ሰዓት ከቀትር በኋላ መሆኑን ግን ማን አስቦ። ሰውየው በኛ ስምንት ሰዓት ላይ ልብሱን አስተኩሶ፣ ልጆቹን አሰልፎ ደረሰ፤ የዕለቱ ምዝገባ አልቋል። ሁለተኛ ቀጠሮ ሲያገኙ ኢድሪስ የእጅ ሰዓቱን ወደኛ አቆጣጠር አዞረ። ኢኽላስ «እኔ ሰዓቴን አልነካም» አለች። ለሦስት ሳምንት ያህል አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰዓት ተኖረ። ልጆቹ ሁለቱንም ወላጆቻቸውን አክብረው በቀን ሁለት ጊዜ ምሳ ይበሉ ነበር።

የእትዬ ብዙነሽ ትንፋሽ ነገርም አለ። እኛ አዎ ለማለት ወደ ውስጥ ትንፋሽ ሳብ እናደርጋለን፤ እናድርገው እንጂ መቼ ልብ ብለነው እናውቃለን። እትዬ ብዙነሽ ደግሞ በዚህ ይብሳሉ፤ አንድ ነገር ሲነገራቸው አሥር ጊዜ ትንፋሻቸውን ይስባሉ። ኢኽላስ ሴትየዋ የአስም በሽተኛ ናቸው ብላ ደመደመች። ልጆቿን «እዚያች ሴትዮ አጠገብ አትሩጡ፣ ልቧ ይቆማል» ብላ አስጠነቀቀች። አንድ ቀን የባሰባቸው መስሏት ጋሽ ነስሩን እጃቸውን ይዛ ወደ እትዬ ብዙነሽ ጎተተቻቸው፤ ደረቷን እየመታች፣ አየር እየሳበች፣ ሐኪም ቤት እንድትሄድ ንገራት ትላለች።

ጋሽ ነስሩ ጣታቸውን አነሱ። «ከልቧ እንደምትወድሽ ነው የምትነግርሽ። ስትተነፍስ ሁሉ ስምሽን ታነሳለች።»

እትዬ ብዙነሽ ይህን ሲሰሙ ትንፋሻቸውን በረጅሙ ሳቡ። ኢኽላስ ሮጣ ገብታ ከካርቱም ያመጣችውን ቀይ የከርከዴ ሻይ አፍልታ አመጣች፤ ለደረት ይሆናል ብላ። እትዬ ብዙነሽ ለፍቅር የመጣ መስሏቸው እስከ መጨረሻው ጠጡት። በማግስቱ በፈንታው አንድ ሰሃን ምስር ወጥ ላኩ። ኢኽላስ በሽተኛዋ ስለተሻላቸው ደስ አላት፤ ሻዩን በየቀኑ ማፍላት ጀመረች። የሁለቱ ወዳጅነት እንደዚህ ነው የተጀመረው፤ እስካሁንም አለ። ኢኽላስ እውነቱን ስትነግራቸው እትዬ ብዙነሽ ሳቁና «ለማንኛውም ደረቴ ቀሎኛል» አሉ።

የ«አንቺ»ም ነገር ከዚሁ ዘመን ነው። እኛ ሁላችን ኢኽላስን አንቺ እንላታለን። እሷም የሰው መጥሪያ በአማርኛ አንቺ ነው ብላ ያዘችው። ዳቦ ሻጩን አንቺ፣ ወያላውን አንቺ፣ አንድ ቀን በር ላይ የቆመውን ፂማም ፖሊስ «አንቺ፣ ደህና ነሽ?» ብላ አለፈችው። ጋሽ ነስሩን ደግሞ ጧት ጧት «ጋሽ ነስሩ፣ ነይ፣ ግቢ፣ ተቀመጪ» ትላቸዋለች። እሳቸውም ይገባሉ፤ ይቀመጣሉ። «ለምን አያርሟትም?» ስላቸው «ተያት» አሉኝ። «በዚህ ዕድሜዬ እንደዚህ አክብሮ የሚጠራኝ የት አገኛለሁ።»

ሐምሌ ላይ ሪም ታመመች። አምስት ዓመቷ ነበር። ትኩሳትና ማንቀጥቀጥ ጀመራት። ኢድሪስ ለጉዳይ ወጥቶ ነበርና ኢኽላስ ልጇን አቀፈች፣ ጋሽ ነስሩ ፊት ፊት እየመሩ፣ እኔ ከኋላ ጃንጥላ ይዤላቸው ጤና ጣቢያ ሄድን። ደሟ ታየ። ወባ ነው፣ መተማ ሲያልፉ ይዟት ይሆናል ተባለ። ሲስተሯ ገና ወጣት፣ ረጋ ያለች ልጅ ነበረች። ኪኒኑን ልትሰጥ ስትል ቀና ብላ «አባባ፣ የማይስማማት መድኃኒት ካለ እናትየዋን ይጠይቁልኝ» አለቻቸው።

ጋሽ ነስሩ መድኃኒት የሚለውን ቃል ያውቁት ነበር፤ ጅዳ ለተባይ የሚረጩትን በዚሁ ስም ይጠሩት ነበር። ጉሮሯቸውን ጠርገው ጣታቸውን አንስተው «መድኃኒት፣ ጥሩ? መጥፎ?» አሏት።

ኢኽላስ ቃሏ እየተደራረበ ማውራት ጀመረች። እንደዚያ ስትናገር አይቻት አላውቅም። የልጇን ክንድ ትይዛለች፣ የደም ሥሯን ታሳያለች። ከንግግሯ ውስጥ አንድ ቃል ብቻ እኔም ለየሁ፤ ፉል። ፉል፣ ፉል ትላለች ደጋግማ። መርካቶ ፉል የማያውቅ ሰው የለም፤ ስንት ሰው ቁርሱን የሚበላው እሱን ነው። ልጅቷ ጧት ፉል በልታለች እያለች ነው ብዬ አሰብኩ።

«ምን አሉ?» አለች ሲስተሯ።

ጋሽ ነስሩም እንደኔ ነበር የገመቱት። «ቁርሷን ፉል በልታለች፣ ሌላ የለም፣ ስጪያት» የሚለው አፋቸው ላይ ደርሶ እንደነበር በኋላ ነግረውኛል። ጣታቸው እንደተነሳ ነው። ሲስተሯ ኪኒኑን ስትቆርጥ ኢኽላስ እጇን አፈፍ አድርጋ ያዘቻት። ጋሽ ነስሩ የኢኽላስን ፊት አዩ። ጣታቸውን አወረዱ።

«ሲስተር» አሉ፣ «ቆይ፣ አትስጪያት።»

«ለምን? ምን አሉ?»

«አላወቅሁም።»

«አልሰሟትም?»

«ሰምቻታለሁ። ዓረብኛ አላውቅም።» በሩ ላይ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ይሰማል። «አትክልት ማጠጣት ነው የማውቀው። የሚያውቅ ሰው ይጠራ።»

እኔ ለሰሚራ ደወልኩና ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ለኢኽላስ ሰጠኋት። ሰሚራ አዳምጣ ለሲስተሯ ነገረቻት። ሪም ስትወለድ ጀምሮ ደሟ ችግር አለበት፤ ባቄላ ከበላች ወይም አንዳንድ ኪኒን ከዋጠች ደሟ ይፈርሳል። ሕፃን ሳለች በወባ ኪኒን ምክንያት ደም እስኪጨመርላት ደርሳ ነበር። ፉል በቤታቸው አይገባም፤ ያንን ኪኒንም እንዳትሰጪያት ነው የምትልሽ አለቻት። ሲስተሯ ኪኒኑን ወደ ጎን አድርጋ ሐኪሙን ጠራች። ሐኪሙ መጥቶ ኢኽላስን በሰሚራ በኩል ጥቂት ጠየቃትና መድኃኒቱን ለወጠ።

ሲያልቅ ሰሚራ በስልኩ ውስጥ «ጋሽ ነስሩ አብረዋችሁ የሉም እንዴ? እሳቸው እያሉ ለምን እኔን ትጠራላችሁ?» አለች። ከወረፋው አንድ ሰው ሳቀ። ዞር ስል ጋሽ ነስሩ የሉም። ዝናብ ውስጥ፣ ጃንጥላ ሳይዙ ሄደዋል።

ሪም በሳምንቱ ድና ግቢውን መዞር ጀመረች። ጋሽ ነስሩ ግን ጧት ማንም ሳያያቸው ይወጣሉ፤ ሲመለሱ በራቸውን ዘግተው ይቀመጣሉ። የኢኽላስን በር በሌላ በኩል ዞረው ነው የሚያልፉት። እትዬ ብዙነሽ «ነስሩ ደግሞ ምን ሆኖ ነው?» ሲሉኝ «ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል» አልኳቸው።

አንድ ጧት ኢኽላስ መጥታ እጄን ያዘችና ወደ ውጭ ወሰደችኝ። መንገድ ላይ ከአንድ ሱቅ አዲስ ጥቁር ጃንጥላ ገዛች። ትንሽ እንደሄድን ቆመች፣ ጃንጥላውን ዘረጋችው፣ ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ሦስት ሽቦውን ቀጭ ቀጭ አደረገችው። የሚያልፍ ተሸካሚ ቆሞ አያት። ከዚያ ወደ ጋሽ ነስሩ ወሰደችውና ፊታቸው አስቀመጠችው።

ጋሽ ነስሩ ቀና ሳይሉ አገላብጠው አዩት። «ይሄ ንፋስ የሰበረው አይደለም» አሉኝ ለኔ። «ይሄ ሆን ተብሎ ነው።»

«ንፋስ» አለች ኢኽላስ።

«ሦስቱን እኩል ሰብሮ?»

ኢኽላስ ከተቀመጡበት ትይዩ ቁጢጥ አለች። ከመጣች ጀምሮ እንደዚያ ረጅም አማርኛ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም ነበር። «ጋሽ ነስሩ፣ ቤት ነይ» አለች። «ልጆች ይጠይቃል። ሪም ይጠይቃል። ዓረብኛ የለም፣ ችግር የለም። አንቺ ነይ።»

ጋሽ ነስሩ ጉጠታቸውን አስቀመጡ። ሽቦዎቹን በጣታቸው እየዳሰሱ ማውራት ጀመሩ፤ ግማሹን ለኔ፣ ግማሹን ለራሳቸው።

«ጅዳ አሥራ አንድ ወር አልቆየሁም። አራት ወር ነው። ከተምር ዛፍ ላይ ወድቄ ጎኔ ተሰበረ። ስተነፍስ ያመኛል እንዳልል ቃሉ የለኝም። ቆፍር አውቃለሁ፣ አጠጣ አውቃለሁ፤ ያመኛልን ያስተማረኝ የለም። ሰውየው ሰነፍ ነው ብሎ ከነስብራቴ ሦስት ሳምንት አስቆፈረኝ። መንገድ ስወጣ ከሚያልፈው ሰው መሃል ያገሬ ሰው ባይ ብዬ የሰው ፊት አያለሁ፣ የለም። በመጨረሻ መለሱኝ። እና እነዚህ ሰዎች ከሚኒባስ ሲወርዱ ሳይ፣ ያ ሰውዬ የቆመበት ሁኔታ... ዓረብኛ የሚያውቅ ሰው እስኪመጣ ድረስ ብዬ ነው የገባሁት። ከገባሁ በኋላ መውጫው ጠፋኝ።»

ኢኽላስ ሁሉም አልገባትም። «ያመኛል» የሚለውን ግን ይዛው ነበር። «ያመኛል ምን?» አለቻቸው።

ጋሽ ነስሩ ጎናቸውን ይዘው ፊታቸውን አኮማተሩ። «ያመኛል» አሉ።

እሷም ጎኗን ይዛ ፊቷን አኮማተረች። «ያመኛል» አለች።

«ጥሩ። መጀመሪያ ይሄን ነው ማወቅ ያለብሽ። ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል።»

በዚያ ክረምት ጃንጥላ የሚያስጠግን ሰው ሁሉ የኢኽላስን ትምህርት ቁሞ እየሰማ ነው ተራውን የጠበቀው። ከሰዓት በኋላ ሥራዋን ጨርሳ ትመጣለች፤ እሳቸው እየጠገኑ ያስተምሯታል። ያስተማሯት አማርኛ ግን መርካቶ መንገድ ዳር ለአርባ ዓመት የተቀመጠ ሽማግሌ አማርኛ ነው። በስድስት ወር ውስጥ ኢኽላስ እንደ አሮጌ ነጋዴ መናገር ጀመረች። እኔ ሱቅ መጥታ «በይ የመጨረሻውን ንገሪኝ፣ ወገቤን አታድክሚው» ትለኝ ነበር። ጉንፋን ሲይዛት «ኧረ ዘንድሮስ አላልፍም» ትላለች፤ ዕድሜዋ ሠላሳ አራት ነው። ኢድሪስ በዓረብኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ተቀጥሮ ሲገባ፣ ሊጠይቃቸው የመጣውን ዳይሬክተር «ልጄን አደራ» አለችው፤ ባሏን ማለቷ ነው።

ወንድና ሴቱን ያስተካከሉላት ልጆቿ ናቸው፤ ትምህርት ቤት ገብተው ቋንቋውን ከሷ ቀድመው ያዙት። አባታቸውን አንቺ ስትል ይስቁባታል። ቀስ በቀስ ሁሉንም አረመች፤ የጋሽ ነስሩን ግን አልነካችውም። አንድ ቀን ጠየቅኳት። «አስቤበታለሁ» አለችኝ። «እርስዎ ብላቸው ሌላ ሰው ይሆኑብኛል።»

አምና ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ነጂያ መጥታ ወራቤ ወሰደቻቸው። ጉጠታቸውንና ሽቦዎቻቸውን ለአጠገባቸው ሊስትሮ ሰጡ። መኪናው ሲነሳ በመስኮቱ ብቅ ብለው እትዬ ብዙነሽን «ክፍሏን ለሚረባ ሰው አከራዪ» አሏቸው። ከዚያ በኋላ ኢኽላስ በየዓርቡ ትደውልላቸው ነበር። ስለ ዝናብ ነው የሚያወሩት።

የሞቱ ጊዜ ለቅሶ የደረስነው በማግስቱ ነው፤ እኔ፣ ኢኽላስና ኢድሪስ። እትዬ ብዙነሽ እግራቸው አልቻለም። መንደሩ ከወራቤ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። ቀብሩ አልፏል፤ ቤቱ በሰው ሞልቷል። ኢድሪስ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ፣ እኛን ወደ ውስጥ አስገቡን። ሰው ሁሉ የሚናገረው ስልጥኛ ነው። እዚህ አገር ተወልጄ ያደግሁት እኔ ከኢኽላስ እኩል ሆንኩ፤ አንዲት ቃል አልገባኝም። ሴቶቹ ሲያለቅሱ እናለቅሳለን፣ ዝም ሲሉ ዝም እንላለን።

የጋሽ ነስሩ ታላቅ እህት ናቸው የተባሉ ባልቴት መጥተው መሃላችን ተቀመጡ። የኢኽላስን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙና ማውራት ጀመሩ። ረጅም ነው ያወሩት። አንዴ ወደ ሰማይ አመለከቱ፣ አንዴ ወደ በሩ፣ አንዴ እጃቸውን ከመሬት ከፍ አድርገው ይህን ያህል ልጅ ሳለ የሚሉ መሰሉ። መሃል ላይ ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኛ ዓይን ዓይናቸውን እያየን ጠበቅን። ሲያበቁ ኢኽላስ ወደ ነጂያ ዞረች። «ምን አሉ?»

ነጂያ ቆጮና አይብ የያዘ ሰሃን ፊታችን አስቀመጠች። «ብሉ ነው የሚሉት» አለች።

«ይሄ ሁሉ?»

«ይሄ ሁሉ።»

በላን። ባልቴቷ እስክንጨርስ አጠገባችን ተቀምጠው በስልጥኛ ማውራታቸውን አላቆሙም፤ ኢኽላስም በየመሃሉ፣ እየጎረሰች፣ በዓረብኛ ትመልስላቸው ነበር።